አህያውን ፈርቶ ዳውላውን
የንግድ ዕድል ዴሞክራሲን ያጸናል የሚሉ ሰዎች፣ ንግግራቸውን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ቆመው ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። አሜሪካ እ.አ.አ. በ2000 ያወጣችው አጎዋ የተባለ ሕግ የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ እንዲሸጡላት ሲፈቅድ፣ የሕግ የበላይነትንና የሰብዓዊ መብት አከባበርን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል ተሰረዘች፤ ፒቪኤች የተባለው የልብስ ኩባንያማ ቀኑ ሳይደርስ ሐዋሳን ለቅቆ መውጣቱን አስታወቀ። ታዲያ ጦርነቱን ያዘዘው ማን ነው፣ የተቀጣውስ? ከሲዳማ ገጠር መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከኪራይ የተረፈውን ለእናቷ ስትልክ የኖረች ሸሚዝ ሰፊ ናት። (ደመወዙም የሚያስቀና አልነበረም፤ መነሻው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር።) ጦርነቱ ስረዛውን ሰምቶ አልቆመም፤ ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈረምም ዕድሉ አልተመለሰም። ቅድመ ሁኔታ ራሱ ክፉ ነው አልልም። ስፔን በፍራንኮ ዘመን የአውሮፓን የጋራ ገበያ በር ብታንኳኳም አባልነት አላገኘችም፤ ዴሞክራሲን ካቋቋመች በኋላ እ.አ.አ. በ1986 ገባች። እዚያ ግን የተደራደሩበት ውል አለ፣ ከገቡም በኋላ በአንድ ፊርማ አይባረሩም። አጎዋ ውል እንኳ አይደለም፤ ሰጪዋ ባሻት ጊዜ የምትነሳው የራሷ ሕግ ነው። ሩዋንዳ በልባሽ ጨርቅ ላይ ቀረጥ ስለጨመረች እ.አ.አ. በ2018 የልብስ ዕድሏን ተነጠቀች። ሰልባጅ አልፈልግም ማለት የዴሞክራሲ ጉድለት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?