የ125 ፓውንዱ ኮምፒውተር ለምን አልሞተም?

በኖቬምበር 2024 እንግሊዝ አገር ውስጥ አንድ የቆየ ኮምፒውተር እንደ አዲስ ገበያ ላይ ዋለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ስፔክትረም ነው። ጥቁርና ትንሽ፣ ቁልፎቹ ከጎማ የተሠሩ፣ በቀኝ ጥጉ ባለ አራት ቀለም ሰረዝ የተሰመረበት። ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት የወጣውን ዜድኤክስ ስፔክትረም ቁርጥ ነው። ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው ግን ከድሮው ቺፕ አንድም አያገኝም። የሚያገኘው ስልክ ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ዘመናዊ ፕሮሰሰርና የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ኢሙሌተር የሚባለው ይኼ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ትርፍ ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ኢሙሌተር እየጻፉ በነፃ ሲያድሉ ኖረዋል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሥራቸው ግማሹ ሰው ዘንድ የልጅ ጨዋታ፣ ግማሹ ዘንድ ደግሞ ሌብነት ነበር። ዛሬ ያው ዘዴ በካርቶን ታሽጎ በሱቅ ይሸጣል። ሌብነት ነው ወይስ ንግድ የሚለው ክርክር ግን ዋናውን ነጥብ ይሸፍነዋል። ኢሙሌተር፣ በኮምፒውተር የተሠራ ሥራ ማሽኑ ከሞተ በኋላ የሚተርፍበት ዋነኛ መንገድ ነው። ሕጉ ይህን መንገድ እስካሁን በጥርጣሬ ዓይን ነው የሚያየው። ጥርጣሬው የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ ከጨዋታ አልፎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ ስፔክትረምን በኤፕሪል 1982 ሲያወጣ ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፣ ባለ 48 ኪሎባይቱ 175 ፓውንድ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተር ከቢሮ ወጥቶ ሠራተኛ ቤተሰብ ቤት የገባው በዚህና በመሰሎቹ ነው። 48 ኪሎባይት ማለት ዛሬ በስልክ ከሚነሳ አንድ ፎቶ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስክሪን አልነበረውም፤ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ዲስክም አልነበረውም፤ ፕሮግራም የሚጫነው ከተራ የሙዚቃ ካሴት ነው። አንድ ጨዋታ ለመጫን አምስት ደቂቃ ያህል ጆሮ የሚበሳ ጩኸት መስማት ግድ ነበር። የቴፑ ድምፅ ትንሽ ካነሰ ወይም ከበዛ መጨረሻው ላይ የስህተት መልእክት ይመጣል፤ ካሴቱ ይጠነጠንና እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ፕሮግራሙ ድምፅ ስለነበር ደግሞ በሬዲዮ መላክ ይቻል ነበር። በ1980ዎቹ ዩጎዝላቪያ ውስጥ አንድ የቤልግሬድ ሬዲዮ ጣቢያ በፕሮግራሙ መሐል ያንን ጩኸት በአየር ይለቅ ነበር። አድማጩ በቴፑ ይቀዳዋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል። ኢንተርኔት ቤት ሳይገባ ሶፍትዌር በአየር ይታደል ነበር ማለት ነው። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ የቴክኒክ ሰዎች የስፔክትረምን ቅጂ በራሳቸው ሠርተው ሌኒንግራድና ፔንታጎን የሚል ስም ሰጡት። እንግሊዝ ውስጥ ማቲው ስሚዝ የሚባል ጎረምሳ በ1983 ማኒክ ማይነር የተሰኘውን ጨዋታ ጻፈና በአገሩ ስሙ የገነነ ሰው ሆነ። የዛሬው የብሪታንያ የጌም ኢንዱስትሪ ሥሩ እነዚህ መኝታ ቤቶች ውስጥ ነው።

ኢሙሌተሩ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? በቀላሉ ሲታይ አስተርጓሚ ነው። የድሮው ፕሮግራም የተጻፈው ዜድ80 ለሚባል ፕሮሰሰር ነው፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ያንን ቋንቋ አያውቅም። ኢሙሌተሩ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያነበበ የድሮው ማሽን ያደርግ የነበረውን ያደርጋል። አስቸጋሪው ነገር ቋንቋው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የስፔክትረም ፕሮሰሰር በሰከንድ 3.5 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ የቴሌቪዥኑ ሥዕል በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይታደሳል። በባለ 48 ኪሎባይቱ ማሽን በአንድ ሥዕልና በሚቀጥለው መሐል በትክክል 69,888 ምት አለ። ጎበዝ ፕሮግራመሮች የቴሌቪዥኑ ጨረር መስመሩን በሚስልበት ቅጽበት ቀለም እየቀያየሩ ማሽኑ አይችልም የተባለውን ያሠሩት ነበር። ኢሙሌተሩ በጥቂት ምት ከሳተ ሥዕሉ ይፈርሳል።

የማሽኑ ጉድለትም መቀዳት ነበረበት። ስፔክትረም ስክሪኑን ስምንት በስምንት ነጥብ ወደሆኑ ትናንሽ ሳጥኖች ይከፍለዋል፤ አንድ ሳጥን ከሁለት ቀለም በላይ አይችልም። ቀይ ሰው በአረንጓዴ ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ዛፉ ይቀላል። ይህን ያስተካከለ ኢሙሌተር የሚያሳየው ሥዕል ያምር ይሆናል፤ ስፔክትረም ግን አይደለም። ደህና ኢሙሌተር የሚጽፉ ሰዎች ከዋናው አምራች በላይ ማሽኑን አጥንተውታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«እውነተኛው ማሽን ካልሆነ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የድሮው ቴሌቪዥን ብርሃን ለስለስ ያለ ነው፣ የካሴቱ ጥበቃ ራሱ የደስታው አካል ነው፣ የጎማው ቁልፍ በጣት ሥር ያለው ስሜት በስልክ መስታወት አይገኝም። (በነገራችን ላይ ያ ቁልፍ ሲጀመርም ለመጻፍ የማይመች መከራ ነበር።) ነገር ግን በቁልፉ ሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ በዕድሜ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የማስታወሻ ቺፖቹ ይሞታሉ። ማሽኑን የሚያስተባብረው ዋና ቺፕ በፋብሪካ መመረት ካቆመ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አንዱን ለማዳን ብዙ ጊዜ ሌላውን ማረድ ነው። የካሴቱ ማግኔትም ይደክማል። ለዚህ ነው የዋናው ማሽን ባለቤቶች እንኳ ዛሬ ብዙዎቹ ካሴት የማይጠቀሙት፤ የካሴቱን ድምፅ በፋይል ይዘው ከስልካቸው ያጫውቱለታል። ያ ፋይል የተገኘው ደግሞ ኢሙሌተር የሚወዱ ሰዎች ካሴቶቹ ሳይበላሹ ለዓመታት ተቀምጠው በመቅዳታቸው ነው። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ናቸው።

አሁን ወደ ሕጉ። ኢሙሌተር ብቻውን ባዶ ቤት ነው። ማሽኑ ሲበራ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል፣ የቤዚክ ቋንቋውና የፊደሉ ቅርጽ 16 ኪሎባይት በምትሆን ቋሚ ማስታወሻ ውስጥ ተጽፏል። ያቺ ጽሑፍ ባለቤት አላት። አምስትራድ የተባለው ኩባንያ በ1986 የሲንክሌርን የኮምፒውተር ሥራ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ እሷም አብራ ተሸጠች። በ1999 የኢሙሌተር ጸሐፊዎች ምን ይሻላል ብለው ሲጠይቁ አምስትራድ መልስ ሰጠ። መብቱ የኛ ነው፤ የባለቤትነት ጽሑፉን እስካልነካችሁና ለእሷ ገንዘብ እስካልጠየቃችሁ ድረስ ከኢሙሌተራችሁ ጋር ብታከፋፍሏት ደስ ይለናል የሚል ይዘት ነበረው። ኩባንያው መብቱን አልለቀቀም፤ በሩን ብቻ ከፈተ። ዛሬ ስፔክትረም ስልክ ላይ በሕጋዊ መንገድ የሚነሳው በዚያ አጭር መልስ ነው።

ሌላው ዓለም እንዲህ አልሄደም። በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ ከኮኔክቲክስ ጋር በነበረው ክርክር፣ ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የሌላውን ማሽን ሶፍትዌር ገልብጦ ማጥናት ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ኒንቴንዶ ዩዙ የተባለውን ኢሙሌተር የሠሩትን ከስሶ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አስዘጋው። ኒንቴንዶ እዚህ ላይ ቅሬታ አለው ቢባል ያስኬዳል፤ ዩዙ የሚያስመስለው ስዊች ያኔ በየሱቁ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ስህተቱ የሚመጣው በገበያ ላይ ያለን ጨዋታና አሳታሚው ከፈረሰ ዓመታት ያለፈውን የ1983 ካሴት በአንድ ሚዛን መመዘን ሲጀመር ነው።

የዚህ ሚዛን ውጤት በቁጥር ታይቷል። በ2023 በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአገሪቱ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። ይህን ይዘው ቤተ መጻሕፍትና አጋሮቻቸው፣ ለንግድ የማይቀርቡ ጨዋታዎችን ተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያዩ ይፈቀድልን ብለው ጠየቁ። የጨዋታ ኩባንያዎቹ ተቃወሙ፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤትም በኦክቶበር 2024 ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀረ። ስለዚህ ተመራማሪው ዕቃው ያለበት ሕንፃ ድረስ በአካል መሄድ አለበት። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ስለ አንድ የ1985 ፕሮግራም መጻፍ ቢፈልግ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የኩባንያዎቹ ፍርሃት ከባዶ የተነሳ አይደለም። በ2024ቱ ስፔክትረም ውስጥ 48 ጨዋታዎች ተጭነው ይሸጣሉ፤ የቆየ ነገርም ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ሻጭ ባለበት ይገዛ። ሻጭም ባለቤትም ጠፍቶ ሳለ ግን መቅዳትን መከልከል ማንን እንደሚጠብቅ የሚነግረን አላገኘንም።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የዱምስዴይን ታሪክ ይስማ። በ1086 የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም አሸናፊው መሬቱን፣ ከብቱንና ገባሩን አስቆጥሮ በብራና አስጻፈ። በ1986፣ በዘጠኝ መቶኛ ዓመቱ፣ ቢቢሲ አዲስ ዱምስዴይ አዘጋጀ። ከሚሊዮን በላይ ሰው፣ አብዛኛው የትምህርት ቤት ልጅ፣ ስለ ሰፈሩ ጻፈ፣ ፎቶም አነሳ። ሥራው በሁለት የሌዘር ዲስኮች ላይ ታተመ፤ የሚነበበው በቢቢሲ ኮምፒውተርና በልዩ ማጫወቻ ብቻ ነበር። ዕድሜው አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ማጫወቻው ከየቦታው ጠፋ። የሊድስና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 ያንን ኮምፒውተር በኢሙሌተር አስነስተው ሥራው እንደገና እንዲታይ አደረጉ። ያኔም ሆነ ዛሬ የ1086ቱ ብራና ለንደን ተቀምጦ ይነበባል።

ብራና ለሚያውቅ አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ የአማርኛም ጽሑፍ የራሱ ዱምስዴይ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። አንድ የፊደል ፋይል የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነና የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ እዚያ ውስጥ ስለማይመች፣ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ብልሃት ደረደረው። ሀ በአንዱ ሶፍትዌር የተቀመጠችበት ቦታ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ያ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የተበታተነ የላቲን ሆሄ ነው። የስንቱ ጋዜጣ፣ የስንቱ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የስንቱ መጽሐፍ ረቂቅ እንዲህ ሆኖ በመሳቢያ እንደተቀመጠ በዚያ ዘመን የጻፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጥሩ ናቸው። ቃሉን ያወጣሉ፤ የገጹን አቀማመጥ፣ ሠንጠረዡንና የግርጌ ማስታወሻውን ግን ብዙ ጊዜ ያበላሹታል። የድሮውን ዊንዶውስ ከነፊደሉ በኢሙሌተር ያስነሳ ሰው ፋይሉን ያኔ እንደነበረ ያየዋል። 86ቦክስን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ለዚህ ይበቃሉ። የዊንዶውስ መብት የማይክሮሶፍት ነው፤ እንደ አምስትራድ በሩን የከፈተ የለም። የግዕዝ ሶፍትዌሮቹ መብት ግን የሠሪዎቻቸው ነው፤ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። የ1990ዎቹን ቅጂ ለጥበቃ ዓላማ ማንም እንዲያኖርና እንዲያሠራ መፍቀድ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ዛሬ የሚሸጡትን አይነካባቸውም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም አንድ ኮምፒውተር ላይ እነዚህን ቅጂዎች ሰብስቦ፣ የድሮ ዲስክ ይዞ የሚመጣን ሰው ማስተናገድ ቢጀምር ወጪው ያን ያህል አይደለም።

ደብዳቤው እስኪመጣ ፍሎፒው አይጠብቅም። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አሁንም ይሸጣል። ዲስክ ያለው ሰው ፋይሎቹን እየመረጠ ከመገልበጥ ይልቅ ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ቢቀዳው ይሻላል፤ ኢሙሌተሩ የሚፈልገው እሱን ነው። የፊደሉን መጫኛ የያዘችውን ዲስክ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ይቅዳ።