ጣርማ በር ላይ አንለያቸው

የይፋት ወገኖቼ! ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸኘትስ እናውቅበታለን። ዳቦ ቆሎው ይዘጋጃል፤ ከሽንኩርቱና ከማሾው ሽያጭ ተቀንሶ አንሶላና ሻንጣ ይገዛል፤ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ላይ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይመርቃል። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ዋሻ ከገባ በኋላ ግን «አይዞህ፣ በርታ» ከሚል ስልክ በቀር ልጁን የሚከተለው የለም። ዛሬ የምጠራችሁ ከዋሻው ወዲያ ላለው ነው።

ግቢ መግባት ቀላል እንዳይመስለን። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የ2015ቱም ከዚያ አልተሻለም። የእኛዎቹ ላይ ደግሞ ሌላ ተደርቦባቸዋል። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የነበሩት ናቸው አሁን ተራቸው የደረሰው። ይህን ሁሉ ተሻግሮ የገባን ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ማጣት ያንገበግባል።

ምን ይጥላቸዋል? ብርዱ አንዱ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሆነ የቆላ ልጅ በስስ ጃኬት አይዘልቀውም። ዋናው ግን ክፍል ውስጥ ነው። ከ2012 ጀምሮ አዲስ ገቢ በፍሬሽማን ፕሮግራም የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። መምህሩ ስላይዱን በእንግሊዝኛ ያስኬዳል። የእኛ ልጅ ጥያቄ አለው፤ በእንግሊዝኛ አሰካክቶ እጁን እስኪያወጣ ስላይዱ ተቀይሯል። ማታ ዶርም ገብቶ ሃንድአውቱ ላይ ብቻውን ያፈጣል። የሚያበሳጨኝ፣ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ያንኑ ኮርስ አምና በኤ ያለፈ የአርማንያ ልጅ መኖሩ ነው። አይተዋወቁም!

ለብቻ ማጥናት እንደሚጥል በሌላ አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው፣ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ቀርቦ አጠና። ስንፍና አላገኘም። የሚያጠኑት ለየብቻ ነበር፤ ጥሩ የሚሠሩት የቻይና ተወላጆች ግን ተሰብስበው እየሠሩ ይተራረሙ ነበር። ጥቁር ተማሪዎቹም ከባድ ከባድ ጥያቄ በቡድን እንዲሠሩ ሲያደርግ ውጤታቸው ተሻሻለ። በደቦ ለሚያርምና ለሚያጭድ ሕዝብ ይህ ምኑ ይገርማል?

እናም እናንተ ሲኒየሮች፣ ፍሬሽን ማሾፊያ ማድረጉ ይብቃችሁ (ቀልዱ ራሱ አያስቅም)። አንድ ሲኒየር አንድ ፍሬሽ ይያዝ። በመጀመሪያው ሳምንት ኮርስ አውትላይኑን አብራችሁ ዘርግታችሁ ስንቱ ማርክ ከኩዊዝ፣ ስንቱ ከአሳይመንት፣ ስንቱ ከሚድና ከፋይናል እንደሆነ አሳዩት፤ ብዙው ልጅ ይህን የሚያውቀው የሴሚስተሩ ግማሽ ካለፈ በኋላ ነው። የአምናውን ዎርክሺት አትጣሉ። በሳምንት ሁለት ማታ ለሒሳብ በቡድን ተቀመጡ፣ ሴቶቹ እህቶቻችሁም ከቡድኑ አይቅሩ። የወንዝ ልጅ ጎራ እንፍጠር ማለቴ አይደለም፤ የዶርም ጓደኛው ከየትም ይምጣ፣ ወንበር ይሰጠው።

ወላጆች፣ ስትደውሉ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር ታጠናለህ?» በሉት። ነጋዴዎችና እድሮች፣ ብርድ ልብስና የፎቶ ኮፒ ወጪ አይከብዳችሁም። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ደግሞ ቁልፉ በእጃችሁ ነው፤ ማን የት እንደገባ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ምደባ በተሰማ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲናና በአጣዬ ትምህርት ቤቶች ነባሮቹንና አዲሶቹን አገናኙ። ጅማም ይመደብ አርባ ምንጭ፣ ማንም ልጅ እዚያ የሚቀበለውን አንድ ሰው ስልክ ሳይዝ አውቶቡስ አይሳፈር።