የምንከፍልበት ኢንተርኔት በርግጥ ስንት ይሮጣል?

በዛሬው «ይጠቅመናል» ዓምዳችን ይዘንላችሁ የቀረብነው በየግቢው ጎረቤትን ከጎረቤት እያጣላ ያለ ጉዳይ ነው፤ የኢንተርኔት ፍጥነት።

እዚህ ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ብዙዎቻችን ግቢ ተጋርተን ነው የምንኖረው። አራት አምስት ቤተሰብ ገንዘብ ያዋጣና አንድ መስመር ያስገባል። ራውተሩ አንዱ ቤት ይቀመጣል፣ ወር ሲሞላ ከየቤቱ ተሰብስቦ ይከፈላል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «የእነ እንትና ልጆች ፊልም እያወረዱ ጨረሱት»፣ «ራውተሩ እነሱ ቤት ስላለ ነው ለነሱ የሚፈጥነው»፣ «ኩባንያው አታሎናል» መባባል ይጀመራል። አንዱ ቤት «ከእንግዲህ አልከፍልም» ይላል፣ መዋጮውም ይፈርሳል። ሲፈርስ የሚጎዳው ማን ነው? በኢንተርኔት የሚማረው ልጅ፣ አገር ቤት ያለች እናቷን በቪዲዮ የምታይ እህት፣ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ከመጨቃጨቅ በፊት መለካት ይቀድማል። መለካት ደግሞ ባለሙያ አያስፈልገውም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።

ሜጋ ሲባል የቱ ሜጋ?

መጀመሪያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እናጥራ። ኩባንያዎች ፍጥነት የሚሸጡልን በሜጋ ቢት ነው። ስልካችን ላይ ፊልም ወይም መጽሐፍ ስናወርድ የምናየው መጠን ግን በሜጋ ባይት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ ብር አራት ስሙኒ እንደሆነ ሁሉ አንድ ባይትም ስምንት ቢት ነው።

ስለዚህ «8 ሜጋ» የሚባል መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 8 ሜጋ ባይት ሳይሆን 1 ሜጋ ባይት ነው። 20 ሜጋ ባይት የሆነ የልጆች መማሪያ መጽሐፍ 20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልም ደግሞ 12 ደቂቃ ገደማ። ያውም መስመሩ ላይ ሌላ ሰው ከሌለ ነው። አምስት ቤት በአንድ ጊዜ ቢጠቀምበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1.6 ሜጋ ቢት ብቻ ይሆናል። «8 ሜጋ ከፍለን አንድ ሜጋ ነው የሚያወርደው፤ ተበላን» የሚል ሰው ካለ በመጀመሪያ ይህችን ስሌት አሳዩት። ምናልባት የተበላ ነገር የለም ይሆናል።

ሦስቱ ቁጥሮች

የፍጥነት መለኪያዎች በነጻ ይገኛሉ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለው «ስፒድቴስት» ነው። «ፋስት» የሚባለው ደግሞ ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሲሆን፣ ገና ሲከፈት ራሱ መለካት ይጀምራል። በእነዚህ መለኪያዎች የምናገኛቸው ዋና ዋና ቁጥሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዳውንሎድ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ነገር በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ያሳያል። ሰው ሁሉ የሚያየው ይህንን ብቻ ነው።

ሁለተኛው አፕሎድ ነው። ከእኛ የሚወጣውን ይለካል፦ ድምፃችንን፣ መልካችንን፣ የምንልከውን ሰነድ። አብዛኛውን ጊዜ ከዳውንሎድ ያነሰ ነው። በቪዲዮ ስትነጋገሩ «እኛ ጥርት አድርገን እናያችኋለን፣ እናንተ ግን አታዩንም ትላላችሁ» የሚል ነገር ካጋጠማችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚች ቁጥር ላይ ነው። ፋስት ላይ ይህንን ለማየት ተጨማሪ መረጃ የሚለውን መጫን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፒንግ ነው። አንድ ትንሽ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይነግረናል፤ አንድ ሺህ ሚሊ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው። ፒንግ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ከ100 በታች ከሆነ ወሬው እንደ ፊት ለፊት ይሄዳል። ከ300 ሲያልፍ ሁለቱም ሰው በአንድ ጊዜ መናገር፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ማለት ይጀምራሉ። መስመሩ 50 ሜጋ ሆኖም ፒንጉ ከፍተኛ ከሆነ ወሬ አይጥምም።

እንዴት እንለካ?

አንድ ጊዜ ለክቶ «ይኸው!» ማለት ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ብናደርግ ይሻላል።

1. መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ ቁሙ። የቀሩት ስልኮች ሁሉ ለአምስት ደቂቃ ከዋይፋይ ይውጡ። ለዚህ የግቢው ሰው ቢስማማ ጥሩ ነው፤ ሁሉም እያየ ሲለካ ደግሞ ኋላ ክርክር አይኖርም።

2. በተመሳሳይ ሰዓት እጓዳችሁ ገብታችሁ በር ዘግታችሁ ለኩ። ልዩነቱን ጻፉ።

3. ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ። ለሦስት ቀን ድገሙት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሦስቱን ቁጥሮች በደብተር አስፍሩ።

4. ስፒድቴስት በልማዱ በቅርብ ያለ ሰርቨር ይመርጣል። ይህ የሚያሳየው ከቤታችን እስከ ከተማው ያለውን መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ የምንደውለው ለጎረቤት አይደለም። ስለዚህ ሰርቨር ቀይር የሚለውን ተጭናችሁ አዲስ አበባን፣ ናይሮቢን ወይም ለንደንን መርጣችሁ እንደገና ለኩ። እውነተኛውን የምታዩት ያኔ ነው።

በካምፕ ያላችሁና በስልክ ካርድ ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መለኪያው ራሱ ዳታ ይበላል። መስመሩ በፈጠነ መጠን የሚበላውም ይጨምራል። 40 ሜጋ ቢት በሆነ መስመር ላይ ለ15 ሰከንድ ማውረድ ብቻ 75 ሜጋ ባይት ይጨርሳል። ፓኬጃችሁ ትንሽ ከሆነ በቀን አንዴ ይበቃል።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ደብተሩ ከተሞላ በኋላ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ሆኖ እጓዳ ውስጥ ከወደቀ ችግሩ ያለው ግቢያችን ውስጥ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ዋይፋይን ያዳክማል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ይባስ ብሎ ይመልሰዋል። ራውተሩን ከቁም ሳጥን ኋላ አውጥቶ ከፍ ባለና መሐል በሆነ ቦታ ማስቀመጥ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። «ለነሱ ነው የሚፈጥነው» የሚለው ሐሜትም ግማሹ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በርግጥም ለነሱ ይፈጥናል፤ ቅርብ ስለሆኑ እንጂ ስለሰረቁ አይደለም።

ጠዋት ጥሩ ሆኖ ማታ ከወደቀ፣ የሌሎቹን ቤቶች ስልክ አስወጥታችሁ ማታ ለኩ። ከተስተካከለ የሚያጨናንቀው የራሳችን አጠቃቀም ነው። ፊልም ማውረዱን ለሌሊት፣ ማታውን ለጥናትና ለስልክ ብሎ መስማማት ይበቃል። ሰው ሁሉ ወጥቶም ካልተስተካከለ መጨናነቁ ከግቢው ውጭ፣ ኩባንያው ለሰፈሩ በሚያከፋፍለው መስመር ላይ ነው።

ራውተሩ አጠገብ፣ ብቻችሁን፣ በማንኛውም ሰዓት ለክታችሁ ከከፈላችሁበት በጣም ያነሰ ከሆነ ደግሞ ያን ጊዜ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ኩባንያው ሂዱ። «ኔት የለም» ብሎ የሚመጣን ሰው «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። የሦስት ቀን ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው ግን እንዲያ መሸኘት ያስቸግራል። ቋንቋው ባይቀናን እንኳ ቁጥር በሶማልኛም በአማርኛም አንድ ነው።

ባሕሩም አለ

በቅርብ ሲለካ ጥሩ ሆኖ ወደ ውጭ ሲለካ ብቻ የሚወድቅበት ጊዜም አለ። የሀርጌሳ ኢንተርኔት በጅቡቲና በበርበራ በኩል ወጥቶ ባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ነው ከዓለም የሚገናኘው። ብርሃን በዚያ ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። አውሮፓ ለመድረስ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ገመድ ቢያልፍ፣ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። የትኛውም ፓኬጅ ይህንን አያሳጥርም። እንዲያውም ከዚህ ጅጅጋ የመኪና መንገድ ሆኖ ሳለ፣ አገር ቤት የምንደውለው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ በአውሮፓ ዞሮ ሊደርስ ይችላል።

ገመዱም ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 የባሕሩ ገመድ በመርከብ ተጎድቶ ሞቃዲሾና ደቡብ ሶማሊያ ከሦስት ሳምንት በላይ ኢንተርኔት አጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በሁቲዎች የተመታችው ሩቢማር የምትባል መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ስትንሳፈፍ በመልሕቋ ሦስት ገመዶችን እንደበጠሰች ይታመናል፤ ጥገናው ወራት ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ መስመሩ በሌላ መንገድ ስለሚዞር ፒንግ ይጨምራል። ጎረቤትን መውቀስም ሆነ ፓኬጅ ማሳደግ አይረዳም።

ወዲያኛው ጫፍም አለ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ ጎንደር ወይም ደሴ ደውሎ ያጣ ሰው የራሱን ራውተር ቢለውጥ ምን ሊያገኝ? ኢንተርኔቱ እየሠራ አንድ አፕ ብቻ እምቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ሶማሌላንድ ውስጥ በምርጫው ቀን ማኅበራዊ ሚዲያዎች ታግደው እንደነበር የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ። መለኪያው «ጥሩ» እያለ የሚደወልለት ሰው ካልተገኘ ከመበሳጨት በፊት በተራ ስልክ መደወል ነው።

የቀጠሮ ቀን ሲመጣ

ከኮቪድ ወዲህ የስደተኛ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ወይም በስልክ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ዓመታት የተጠበቀ ቀን በአንድ የተቆራረጠ ድምፅ ሲበላሽ ማየት የለብንም። ለድምፅ ብቻ ከሆነ የአንድ ሜጋ አንድ አሥረኛ እንኳ ይበቃል። ለቪዲዮ ግን በዳውንሎድም በአፕሎድም ቢያንስ አንድ ሁለት ሜጋ ቢት ያስፈልጋል፤ የሚቀጥን መስመር ስለሆነ ትርፍ ቢኖረው ይመረጣል።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት፣ በዚያው ሰዓት፣ ለመቀመጥ ባሰባችሁበት ቦታ ለኩ። ለግቢው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለዚያች ሰዓት ስልኩን ከዋይፋይ የማያወጣ ጎረቤት የለም። በሌላ ስልክ ዳታ ሞልታችሁ በመጠባበቂያ ያዙ። ቀጠሮ የሰጣችሁንም መሥሪያ ቤት «መስመር ቢቋረጥ በየትኛው ስልክ ትደውሉልናላችሁ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ቃል ካልሰማችሁ ደግሞ በግምት አትመልሱ፤ «አልተሰማኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ደብተርና እስክሪብቶ በየቤቱ አለ። የግቢው ሰው አንድ ላይ ቆሞ ይለካ፣ የተገኘው ቁጥር ራውተሩ ላይ ይለጠፍ። መዋጮ የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀርፋፋ መስመር ብቻ ሳይሆን ማን እንዳቀረፈፈው አለማወቅ ነው።