የከተማ ብር፣ የአንድ ክረምት ተጫዋች

ክረምት ሲገባ ከተማው ሁሉ አንድ ወሬ ይይዛል። ማን ፈረመ? ስንት ተከፈለው? ነቀምቴም ቡና ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም የሚያወራው ይኼንኑ ነው። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ነፃ ነው፤ ዘንድሮ እዚህ፣ ለከርሞ ደግሞ ሌላ ቦታ። እሱን አልወቅስም። በሠላሳዎቹ ዕድሜው ጉልበቱ የሚከዳው ሰው የተሻለ ወደከፈለው ቢሄድ ምን ይገርማል? እኔ መጠየቅ የምፈልገው ከፋዩን ነው።

ለመሆኑ ከፋዩ ማነው? ከስሙ ኋላ «ከተማ» የሚል የተቀጠለለት ክለብ በአብዛኛው የሚኖረው በአስተዳደሩ በጀት ነው። ጊዮርጊስና ቡና ቢያንስ በየስታዲየሙ የሚከተላቸው ደጋፊ አላቸው። የነቀምቴና የሻምቡ ዓይነቱ ክለብ ግን በመጨረሻ የሚያርፈው ግብር በሚከፍለው ባለ ሱቅ ትከሻ ላይ ነው። ያ ባለ ሱቅ ደግሞ መንገድ ሲዘጋበት የከረመ ሰው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠባቸው የወለጋ ወረዳዎች ጥቂት አልነበሩም።

ሒሳቡን እንሥራው። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። 25 ተጫዋች በጣሪያው ቢከፈለው በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ነው። በግማሹ ቢከፈል እንኳ 7.5 ሚሊዮን። ጣሪያው ራሱ ወንፊት ሆነና ሊጉ ቆይቶ የአንድን ክለብ ጠቅላላ የተጫዋች ወጪ የሚገድብ ደንብ ማምጣት ግድ ሆነበት። በ2013 ዓ.ም. የመጣው የዲኤስቲቪ 22.5 ሚሊዮን ዶላርም ለፕሪሚየር ሊጉ ነበር እንጂ ከታች ላለው አልነበረም። ከታች ያለው ግን የላዩን ዋጋ እያየ ይገዛል!

«ካልገዛን አንወጣም» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ወጣን እንበል። ከዚያስ? ጎረቤታችንን ጅማን እዩ። ጅማ አባ ጅፋር ገና በገባበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ወሰደ። እንደ ተረት ነበር። የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ኦኪኪ አፎላቢ ግን በዚያው ክረምት ወደ ግብፁ ኢስማኢሊ ሄደ። በ2011 ዓ.ም. አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ማሸነፍ የቻለ ክለብ (በድምር ቢሸነፍም) ቀስ በቀስ የደመወዝ እሮሮ መስሚያ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። አብረውት የወረዱት እነማን ነበሩ? ሰበታ ከተማና አዲስ አበባ ከተማ። ስማቸውን ልብ በሉልኝ።

ብር ብቻውን እንደማያሸንፍ ለማወቅ ሩቅ መሄድ ካስፈለገ የአሜሪካ ቤዝቦል አለ። (ጨዋታው እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።) እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ ያንኪስ 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ኦክላንድ ደግሞ 40 ሚሊዮን ገደማ ለተጫዋች ከፈሉ። ሁለቱም 103 ጨዋታ አሸነፉ። ኦክላንድ ሌላው የናቀውን ተጫዋች በርካሽ ይገዛ ነበር። እኛ ግን ሌላው ተጠቅሞ የጨረሰውን በውድ እንገዛለን።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ኡኬ አለች። ኡኬ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ፤ በነዚህ ከተሞች ኳስ የሚጫወት ልጅ ሞልቷል። የጠፋው ከ17 ዓመት በታች ቡድን አቋቁሞ፣ ጫማና ትራንስፖርት ችሎ፣ አሠልጣኝ መድቦ አምስት ዓመት የሚታገሥ ነው። የአንድ ዝውውር ክረምት ብር ይኼን ሁሉ ይችላል። ሹም ግን አምስት ዓመት አይታገሥም፤ ወንበሩም ያን ያህል አይቆይለትማ! ለሱ በመስከረም ፎቶ የሚነሣው አዲስ ፈራሚ ይሻለዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በከተማ ብር የሚተዳደር ክለብ ሁሉ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚከፍለውንና የውሉን ዘመን እንደማንኛውም የመንግሥት ጨረታ ማስታወቂያ በአስተዳደሩ በር ላይ ይለጥፍ። ከዚያ ወረቀት ጎን የታዳጊ ቡድኑ በጀት ይለጠፍ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብለው ይጻፉት።