«ገንዘቤን ከፍያለሁ» ባዩ መንገደኛ

የሳዑዲ ዓረቢያ፣ የኩዌትና የግብፅ አየር መንገዶች በአይሮፕላኖቻቸው የአልኮል መጠጥ አያቀርቡም። ነገሩ ምስጢር አይደለም፤ ቲኬት የሚቈርጥ ሁሉ አስቀድሞ ጠይቆ ሊረዳው ይችላል። ዳሩ ግን ከእኛው ከተማርነው ወገን አንዳንዱ ቢራ የለም ሲባል «ገንዘቤን ከፍያለሁ» እያለ አስተናጋጇን ያፋጥጣል፤ ሌላውም ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የገዛውን ጠርሙስ ከኮቱ ሥር ሸሽጎ ይጎነጫል።

የከፈለውስ ለወንበሩና ለጉዞው ነው እንጂ የባለቤቱን ሥርዓት ለመሻር አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ ያቀርባል። ይህን ከእናቶቻችን ጓዳ ያየነው ነው እንጂ በትምህርት ቤት የተማርነው አይደለም። ታዲያ የአይሮፕላን መሰላል ስንወጣ ይሉኝታችንን ከታች ትተነው ነውን?

ነገሩ ከይሉኝታም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ቶኪዮ ላይ የተፈረመው ስምምነት፣ በአይሮፕላን ውስጥ ሥርዓት የሚያውከውን መንገደኛ አዛዡ በግድ እንዲገታውና ባረፈበት አገር እንዲያወርደው ሥልጣን ሰጥቶታል። መጠጥ ይዞ ሳዑዲ ዓረቢያ መግባትም ክልክል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን፣ ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሮፕላን የተሳፈረችው እኅታችን፣ የአገሯ ልጅ ሰክሮ ሲጮኽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና መቀመጧ ነው።

እርግጥ፣ ሻጮቹም ቲኬቱን ሲሸጡ ነገሩን በግልጽ ቢናገሩ ደግ ነበር። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ጅዳ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በብርቱካን ጭማቂ የማይገፋ መንገድ አይደለም።