ስለ ተቀመጠ ቅጂ፤ ወደ ኮምፒዩተር ከመመለሱ በፊት ሊመረመር እንደሚገባው

የቤታችሁን ፎቶግራፍና ጽሑፍ በሁለተኛ ዕቃ ገልብጣችሁ እንድታስቀምጡ ብዙ ሰው መክሯችሁ ይሆናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ምክር ነው። ቅጂ ማስቀመጥ አንድ ነገር ሲሆን፥ ኮምፒዩተሩ ታምሞ ከዳነ በኋላ ያንን ቅጂ ወደ ቦታው መመለስ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፤ የዳነው ዕቃ እንደ ገና የሚታመመው በዚህ ጊዜ ነውና።

ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሳይንት እንደ ተድባበ ማርያም ካሉት ጥንታውያን አድባራት አንሥቶ በየገዳማቱ የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት አስቡ። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ፥ ጸሐፊው ከፊቱ የዘረጋው ዋና መጽሐፍ አንድ ቃል የጎደለው እንደ ሆነ፥ ጸሐፊው የቱን ያህል እጀ መልካም ቢሆን ጉድለቱን አብሮ ይገለብጠዋል። ይልቁንም ታማኝ በሆነ መጠን ስሕተቱን በታማኝነት ያስተላልፋል። ስለዚህ ከጽሕፈቱ በኋላ የአራሚው ሥራ ይከተላል፤ በመስመር መካከልና በኅዳግ ላይ ደቅቀው የተጻፉት ቃላት፥ ተፍቀው የተስተካከሉትም ስፍራዎች የዚህ ሥራ ምስክሮች ናቸው። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ታማኝ ገልባጭ ነው፤ አራሚ ግን አይደለም። የልጆቻችሁን የክርስትና ፎቶግራፍ ሲገለብጥ፥ አጠገቡ የተደበቀውን ቫይረስም በዚያው ትጋት ይገለብጠዋል።

ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ፥ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ አድርጓል። ያ ፊልም የመጽሐፉን እድፍ ቢይዝ እድፉን ያሳያል እንጂ አጠገቡ ያለውን ፊልም አያበላሽም። የኮምፒዩተር ቅጂ ግን በሽታ ካለበት፥ በተከፈተበት ሰዓት ተነሥቶ ቤቱን ሁሉ ይወርሳል።

በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፍላሽ የሚተላለፈውን ዓይነት ነው፤ በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» ይባላል። በመካነ ሰላም አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማሳተም ፍላሿን ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደች እንበል። በዚያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ በቀን የስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካ መገመት አያስቸግርም። ወደ ቤቷ ተመልሳ ስትከፍተው እያንዳንዱ ፎልደር ትንሽ ቀስት ያለበት ምልክት ሆኖ ታገኘዋለች። ስትጫነው ይከፈታል፤ ጽሑፏም በውስጡ አለ፤ የጎደለ ነገር አይታይም። ነገር ግን ያ ምልክት ፎልደሩ አይደለም። በመጀመሪያ ቫይረሱን አስነሥቶ፥ ከዚያ በኋላ ፎልደሩን የሚከፍት አታላይ በር ጠባቂ ነው። እውነተኛው ፎልደር ተደብቋል እንጂ አልጠፋም፤ ኮምፒዩተሩ የተደበቁትን ፋይሎች እንዲያሳይ ቢታዘዝ በዚያው ይገኛል። ይህን ሳያውቁ «ሁሉ ጠፋ» ብለው ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉ ሰዎች፥ ቫይረሱ ያላጠፋውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ።

አሁን ታሪኩን እንቀጥል። የተማሪዋ ወንድም ላፕቶፑን ወደ ባለሙያ ወስዶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጫነ፤ ገንዘቡንም ከፈለ፤ ላፕቶፑ ንጹሕ ሆነ። ማታ እኅቱ ያንኑ ፍላሽ ሰክታ፥ ቀስት ያለበትን ምልክት ተጭና፥ ጽሑፏን መለሰች። በማግሥቱ ላፕቶፑ እንደ ቀድሞው ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰደበው ምስኪኑ ባለሙያ ነው፤ ጥፋቱ ግን የፍላሹ ነበር።

ከዚህ የከፋው ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያስገርመው ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚዘጋውን ማሻሻያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፥ በመጋቢት፥ አውጥቶት የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ቅጂ ያለው ሰው እንኳ ማሻሻያው ባልገባበት ኮምፒዩተር ላይ ቢመልሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። እንደዚህ ካሉት ቫይረሶች መካከል ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ የተተወውን ሃርድ ዲስክ ጭምር የሚቆልፉ አሉ። ደግሞም ብዙ ጊዜ ወዲያው አይነሡም፤ ለቀናት ወይም ለሳምንታት በጸጥታ ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት የተወሰደው ቅጂ ውስጥ አስቀድመው ገብተው ሊሆን ይችላልና፥ ቀናቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ቅጂዎች መያዝ ትርፍ ነገር አይደለም።

በእኛ በኩል ጉዳዩን የሚያከብድ ሌላ ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ ወሎ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ተቋማት ሲዘረፉ፥ ሰነድን በአንድ ስፍራ ብቻ ማኖር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ ፋይል የሚጓዘው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነው፤ አንቲቫይረሱም አዲሱን የቫይረስ ዝርዝር አያገኝም። በሽታው በሚበዛበት ወራት መድኃኒቱ ያረጃል ማለት ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪ ከተቀበለ ወዲህ በቦረና፥ በሳይንትና በለጋምቦ ቤቶች ላፕቶፕ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩ የባለሥልጣንና የባንክ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ቅጂው የሚመለስበት ኮምፒዩተር ራሱ ንጹሕ ይሁን። ዊንዶውሱ ከታመነ ስፍራ ይጫን፤ «ክራክ» እየተባለ በነጻ የሚታደለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ይዞ የሚመጣ ነውና፥ ቤትን ጠርጎ ሌባን እንደ ማስገባት ነው። ከዚያም ማሻሻያው ሁሉ ይግባ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም.፥ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አሮጌ ኮምፒዩተር የያዙ ቤተ ሰቦች ይህን ይወቁ። ዲፌንደር የሚባለው አንቲቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለ ሆነ ገንዘብ አያስወጣም። ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ የዲፌንደር አዲስ የቫይረስ ዝርዝር በሌላ ከተማ ከማይክሮሶፍት ገጽ ወርዶ በፍላሽ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ፍላሽ ግን አዲስ ይሁን፥ ወይም ባዶ መሆኑ የተረጋገጠ ይሁን።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔትና ከዋይፋይ አላቁት፤ ሲሰካ በራሱ የሚከፈተውንም ልማድ አጥፉ። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የታየው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ልማድ ነበር። አሁን ቅጂው ያለበትን ዲስክ ስኩ፤ ነገር ግን አትክፈቱት። በስሙ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጭናችሁ እንዲመረመር እዘዙ። ትልቅ ዲስክ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፤ ይፍጅ። መብራት የሚቋረጥበት ሰፈር ከሆነ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። አንቲቫይረሱ የጠረጠረውን ፋይል ወዲያው ከማጥፋት ለይቶ እንዲያቆየው ማድረግ ይሻላል፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ ንጹሑን ይከስሳልና። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ በሌላ አንቲቫይረስ ሁለተኛ ጊዜ አስመርምሩ።

ምርመራው ቢያልፍም ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ዊንዶውስ የፋይሎችን ስም መጨረሻ እንደ ልማዱ ይደብቃል፤ እንዲያሳይ እዘዙት። ስሙ «የሠርግ ፎቶ» ሆኖ መጨረሻው «ኢ ኤክስ ኢ» የሆነ ፋይል ፎቶግራፍ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ፎቶግራፍ፥ ድምፅና ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የሚያሰጉ አይደሉም። የወርድና የኤክሴል ጽሑፍ «ማክሮ» የሚባል ትእዛዝ ሊሸከም ስለሚችል ሲከፈት ፈቃድ ቢጠይቅ እምቢ በሉት። ፕሮግራሞችን ግን ከቅጂው አትመልሱ፤ ከምንጫቸው እንደ አዲስ ይጫኑ። ለስልክም ሕጉ ይኸው ነው፤ ፎቶውን መልሱ፥ ከሰው ስልክ በሚሞሪ ካርድ የተገለበጠውን አፕሊኬሽን ተዉት።

ሰው አውቆ ቫይረስ ቢያሰራጭ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ግን ሳያውቅ የሚያስተላልፈው በሽታ ይበዛልና፥ ማለዳ ማለዳ ኮምፒዩተሩን ቢያስመረምር ለደንበኞቹ ትልቅ ውለታ ይውላል።

የሟች አባት ድምፅ፥ የአራት ዓመት ትምህርት ፍሬ የሆነ ጽሑፍ፥ የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ እንደ ገና የሚገዛ ነገር አይደለምና፥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመመለስ አትቸኩሉ። ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎችን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ደኅና ከሆኑ የቀሩትን አስከትሉ። አሮጌው ቅጂ ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዳለ ይቆይ፤ ምንም አይጻፍበት። ከዚያ በኋላ ከዳነው ኮምፒዩተር አዲስ ቅጂ ውሰዱ፤ ቀኑን በብዕር ጻፉበትና ነቅላችሁ፥ የክረምቱ እርጥበት እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልላችሁ፥ በሌላ ቤት፥ ለምሳሌ በአያት ሣጥን ውስጥ፥ አኑሩት።