ለዋሽንግተን ሜትሮ የዳይሬክተሮች ቦርድ፦ ከምድር በታች ስለሚተነፈሰው አየር



በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ሥራ የምንገባውም ከሥራ የምንወጣውም በእናንተ ባቡር ነው። ማንም ባቡሩን ትቶ ወደ መኪና እንዲመለስ አልሻም። የምጽፍላችሁ እዚያ ታች ስለሚተነፈሰው አየር ነው።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት በዋሽንግተን የምድር ውስጥ ጣቢያዎች ያገኙት ደቃቅ ብናኝ በአማካይ በኪዩቢክ ሜትር 145 ማይክሮግራም ነበር። ባጠኗቸው ከተሞች ከምድር በላይ ባለው አየር አማካዩ 16 ነበር።

ምንጩን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የብረት ጎማው ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ፣ ፍሬኑ ሲይዝ፣ ብረት እየተላጠ ይበናል። ባቡሩ ገና ከዋሻው ሳይወጣ ፊታችንን የሚመታን ነፋስ ሐዲዱ ላይ የተኛውን ጥቁር ዱቄት ቀስቅሶ ነው የሚመጣው። ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሰውን አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ከቤት ውጭ ባለው አየር እንዲህ ያለ ብናኝ አስም እንደሚቀሰቅስ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክም እንደሚያጋልጥ በሚገባ ተረጋግጧል። የባቡር ብናኝ የዚያኑ ያህል ይጎዳል ወይ የሚለው ገና አልተቋጨም። ክርክሩ እስኪቋጭ ግን ሰዉ መተንፈሱን አያቆምም።

ተሳፋሪው ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል። አግዳሚውን የምትወለውለው፣ ጨርቋ ወዲያው የሚጠቁርባት የጽዳት ሠራተኛ ግን ሺፍቷን በሙሉ እዚያው ናት። ሌሊት ሐዲድ የሚሞርደውማ ብናኙን በገዛ እጁ ያስነሣዋል።

ሕግ አክብረናል ትሉኝ ይሆናል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ የሥራ ቦታ ደንብ ለብረት ኦክሳይድ ጢስ የፈቀደው ጣሪያ በኪዩቢክ ሜትር 10 ሚሊግራም ነው፤ 10,000 ማይክሮግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የደቃቅ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ሕጉ ይህን ያህል ልቅ ሲሆን ሠራተኛውን የሚጠብቀው የእናንተ ሕሊና ነው፤ አቤቱታዬን ወደ እናንተ ያመጣሁትም ለዚህ ነው።

መለኪያውን ሠራተኛው ደረት ላይ አድርጋችሁ ሙሉ ሺፍቱን ለኩ። እየለካችሁ ከሆነም ውጤቱን ለራሱ ንገሩት፤ በየጣቢያው በር ላይ በአማርኛ ጭምር ለጥፉልን። የአየር ማራገቢያውንና የዋሻ ጽዳቱን በጀት አትንኩ። ሐዲድ ለሚሞርዱት ፊታቸው ላይ በልክ የሚገጥም ማስክ ስጧቸው። አስም ያለባት ሠራተኛም ከምድር በላይ ወዳለ ጣቢያ አዛውሩኝ ስትል፣ በወረቀት ሳታመላልሷት እሺ በሏት።